የዝናብ አገር ስንቅ



አንድ ሰው ለመንገድ ሲነሣ ቤተ ሰቡ ሁሉ አብሮት ይነሣል። እናት ቆሎ ትቆላለች፥ ልጅ የሻንጣውን አቧራ ያራግፋል፥ ጎረቤትም ‹‹በሰላም ያግባህ›› ሊል ይመጣል። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ‹‹የምትሄድበት አገር አየሩ እንዴት ነው? ለእርሱ የሚሆንስ ምን ይዘሃል?›› ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ጥያቄ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ ቤቴ መጡ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ነው። ሴት ልጃቸው ብዙ ያገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ በአሜሪካን አገር ትኖራለች። ልጅቱም ‹‹እማዬ፥ ነይልን፤ በነሐሴ መጨረሻ ከልጆቹ ጋራ ሰባት ቀን በመርከብ ወደ አላስካ እንሄዳለን። በየወደቡም እየወረድን ተራራና ጫካ በእግራችን እናያለን›› ብላ ጠርታቸዋለች።

‹‹መምህር፥ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በዝናብ ተራራ የሚወጣው ምን ሊያመጣ ነው?›› አሉኝ እየሣቁ። ‹‹ይሁን፤ የልጅ ልጆቼ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ። ምን ልያዝ?››

‹‹እስቲ መጀመሪያ ያሰናዱትን ያሳዩኝ፥ እትዬ›› አልኋቸው።

በማግሥቱ ሻንጣቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ሁለት ጋቢ፥ አራት ነጠላ፥ የጥጥ ሹራብ፥ ገና እግር ያልገባበት አዲስ ጫማ፥ አንድ ጃንጥላ፥ ከዚያም በርበሬና ሽሮ ነበረበት። ጉዞው ወደ ሐዋሳ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ሻንጣ ባልተገኘም ነበር። ጉዞው ግን ወደ ሐዋሳ አልነበረም።

አላስካ በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ የምትገኝ ሰፊ ምድር ናት። አሜሪካ ከሩሲያ መንግሥት በ1867 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛቻት፤ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ 49ኛዋ ክፍለ ግዛት ሆነች። ከሲያትል የሚነሡት መርከቦች በደሴቶችና በተራሮች መካከል እየተሹለከለኩ ኬቺካን፥ ጁኖ፥ ስካግዌይና ሲትካ ከሚባሉት ወደቦች አንዳንዶቹን ይጎበኛሉ። ጁኖ የግዛቲቱ ዋና ከተማ ስትሆን ከሌላው አገር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ የሚደረስባት በባሕር ወይም በአየር ነው። በሲትካም ሩሲያውያን በ1848 ዓ.ም. ሠርተው የፈጸሙት የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ነበረ። በ1966 ዓ.ም. በእሳት ሲቃጠል የከተማው ሰው ተረባርቦ ከሥዕሎቹ የሚበዙትን አወጣ፤ ሕንፃውም በቀድሞው መልኩ እንደ ገና ተሠራ።

የዚያ አገር ዝናብ ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከባሕሩ ዳር ከቆሙት ተራሮች ጋራ ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፥ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን ውሃ ያወርዳል። አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ኬቺካን ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በነሐሴ መጨረሻ የቀኑ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ይህ ብርድ ውሃ የሚያረጋ ብርድ አይደለም። ክፋቱም በዚሁ ነው፤ ሰው ይንቀዋል።

እኔም ንቄው ነበርና አውቀዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር፥ ፈተና ካለቀ በኋላ፥ ስምንት ተማሪዎች ይዤ ወደ ስሜን ተራራ ሄድሁ። ከደባርቅ ተነሥተን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ ስንጓዝ ከቀትር በኋላ ዝናብና ነፋስ ተነሣብን። ከልጆቹ አንዱ፥ ዕድሜው አሥራ አምስት የሆነ፥ ጋቢውን ተከናንቦ ነበር። ጋቢው ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። ልጁ በመጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ነገር ማምለጥ፥ እግሩም መደናቀፍ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወው፤ ‹‹አሁንስ አልበረደኝም፥ ልቀመጥ›› አለ። እኔም አላዋቂ ነበርሁና ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፥ ተሻለው›› አልሁ።

ያዳነው አንድ እረኛ ነው። ልጁን አይቶ ምንም ሳይጠይቀን ወደ ጎጆው ወሰደው። እርጥቡን ልብስ አውልቆ በደረቅ የሱፍ ባና ጠቀለለው፤ ከበታቹም ሣር አነጠፈለት። አንዱ ተማሪ እግሩን ሊያሸው ሲል ከለከለው። ልጁ እንደ ልቡ መዋጥ ሲችል ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ሰጠነው። ወደ ማታ መንቀጥቀጡ ተመለሰ፤ እረኛውም ያን ጊዜ ‹‹አሁን ዳነ›› አለ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ ‹‹ጋቢ የደረቅ ቀን ልብስ ነው፥ ጌታዬ›› አለኝ።

ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። ‹‹ጋቢያችሁን እንዳትረሱ›› ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነበርሁ።

በኋላ መጻሕፍት ባገላብጥ እረኛው የሠራው ሁሉ ከሐኪሞች ትምህርት ጋራ የተስማማ ሆኖ አገኘሁት። የሰው ሰውነት ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮም ጡንቻም ይደክማል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ጥጥ ውሃውን ጠጥቶ በገላ ላይ ስለሚያጣብቀው፥ እርጥብ የጥጥ ልብስ መልበስ አንዳንድ ጊዜ ካለመልበስ ይብሳል። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖ እንኳ በጸጉሩ መካከል አየር ስለሚይዝ ብዙ ሙቀት ያስቀራል። ነፋስም የራሱን ይጨምራል፤ በ5 ዲግሪ ብርድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ገላችን ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ ያህል ይሰማዋል። መርከብ ደግሞ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ፥ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በመርከቡ ሰገነት ላይ ለቆመው ሰው ነፋስ ይሆንበታል። ብርድ ለመታው ሰው አረቄ የሚሰጡም አሉ። አረቄ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የቀረውን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ መድኃኒት ሳይሆን ጠላት ነው።

ይህን ሁሉ ለእናታችን ከነገርኋቸው በኋላ ሻንጣውን አብረን እንደ ገና አሰናዳን። ያደረግነውም ለሌላ መንገደኛ እንዲጠቅም በተራ ቍጥር እጽፈዋለሁ።

1ኛ፤ ልብስ በሦስት ድርብ ይሁን። ከገላ የሚገናኘው ስስ የሱፍ ወይም ላብ የማይዝ የፖሊስተር ልብስ ነው። መካከለኛው የሱፍ ሹራብ ነው። ከላይ የሚደረበው ነፋስና ዝናብ የማያስገባ፥ ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት ነው፤ ለእግርም የዝናብ ሱሪ ያስፈልጋል። አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ የያዘ ሰው ወይ ይበርደዋል፥ ወይ ያልበዋል፤ ላብም ከውስጥ የሚመጣ ዝናብ ነው። ስለዚህ ሽቅብ ከመጀመሩ በፊት አንዱን ድርብ ያውልቅ፥ ሲቆምም ሳይበርደው ይደርብ። ጂንስ የሚባለው ሱሪ የጥጥ ነውና በመርከቡ ውስጥ ይለበስ፥ ወደ ተራራው ግን አይሂድ።

2ኛ፤ ጫማ አዲስ አይሁን። ቍርጭምጭሚት የሚይዝ፥ ታችኛው ጥርስ ያለው ጫማ ቀደም ብሎ ተገዝቶ ቢያንስ ለአንድ ወር ይረገጥ። ከእርሱ ጋራ ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይያዝ። የራሰ ጫማ በእሳት አጠገብ ቢደርቅ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ጨምድዶ ውስጡ ከትቶ፥ ጋዜጣው ሲርስም እየለወጡ ማሳደር ይሻላል።

3ኛ፤ ራስና እጅ አይረሱ። የሱፍ ቆብና ሁለት ጥንድ ጓንት ይያዙ፤ አንዱ ጥንድ ቢርስ ሁለተኛው ይተካዋል። ጃንጥላ ለከተማ መልካም ነው፤ በመርከብ ሰገነትና በተራራ ላይ ግን ነፋስ ይገለብጠዋል፥ እጅንም ሥራ ያስፈታል።

4ኛ፤ ለቀን ጉዞ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይኑር። ውስጡ በትልቅ የላስቲክ ከረጢት ይሸፈን፤ ቦርሳው ከውጭ ቢርስ ዕቃው ይድናል። በውስጡም ለያንዳንዱ ሰው አንድ ደረቅ ሹራብና አንድ ጥንድ ካልሲ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፤ የክፉ ቀን እስኪመጣም አይነካ። ሙቅ ሻይ በፔርሙስ፥ ቆሎ፥ የእጅ ባትሪና ፊሽካ ይጨመር። በመርከብ ላይ ቤት የተሠራ ምግብ ማስገባት ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ፥ የጉምሩክም ሕግ ስላለ፥ የሚወሰደው ምግብ አስቀድሞ ይጠየቅበት።

5ኛ፤ በእግር ሲኬድ ለብቻ አይኬድ። ያ አገር የድብ አገር ነው። ድብን የሚያስቆጣው ብዙውን ጊዜ ድንገት መገናኘት ስለ ሆነ፥ ሰዎች ተሰብስበውና እየተነጋገሩ ይሂዱ። ደግሞም የመመለሻው ሰዓት ከመነሣት በፊት ይወሰን። መርከብ እንደ ሰፈር አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቅም። የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚዘገይ፥ መንገደኛው የሚሄደው በመርከቡ ሰዓት ወይም በከተማው ሰዓት መሆኑን ይለይ።

6ኛ፤ ሰውነትም ይሰናዳ። እናታችን ከሰኔ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ቦርሳቸውን ተሸክመው እንጦጦን ወጡ። የሐምሌ ዝናብ በነጻ የተሰጠን መፈተኛ ነው፤ የዝናብ ካፖርቱ ስፌቱ የሚያፈስ መሆኑን በእንጦጦ አውቀው አስለወጡት። በጁኖ ቢያውቁት ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር?

የሱፉን ነገር ስንነጋገር እናታችን ጥቂት ዝም ብለው ‹‹የአባቴ በርኖስ በሣጥን አለ፤ የመንዝ ሥራ ነው›› አሉ። ‹‹ፈረንጅ አገር በርኖስ ለብሼ ልታይ?›› ብለውም አፈሩ። እኔም ያላስካ ነባር ሕዝቦች የሆኑት ትሊንጊቶች ከተራራ ፍየል ጸጉርና ከዛፍ ልጥ ብርድ ልብስ ይሠሩ እንደ ነበር፥ ከዛፍ ሥርም ዝናብ የማያስገባ ባርኔጣ ይጎነጉኑ እንደ ነበር ነገርኋቸው። የመንዝ ሸማኔና የእኛ እረኛ ገሳ የሚጎነጉንበት እጅ ከዚያ የተለየ ጥበብ የለውም። ዝናብ አገር የሚኖር ሕዝብ ሁሉ ይህን ትምህርት ተምሮታል። በርኖሱም ከሻንጣው ገባ።

ስለ ዕቃ ብዛት ደግሞ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። በ1897 እና በ1898 ዓ.ም. በካናዳ በክሎንዳይክ ወርቅ ተገኘ ተብሎ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በስካግዌይና በአጠገቧ ባለው ወደብ በኩል ጎረፈ። የካናዳ ፖሊስ ሰዉ በረኃብ እንዳያልቅ ብሎ የዓመት ስንቅ ያልያዘን ሰው ወሰን አላሳልፍም አለ። ስንቁ ከነመሣሪያው አንድ ቶን ያህል ነበር። ችልኩት በሚባለው መተላለፊያ፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፥ በበረዶ ላይ 1,500 ያህል ደረጃ ተጠረበ፤ አንዱም ሰው ዕቃውን ከፋፍሎ ብዙ ጊዜ ይመላለስ ነበር። በሌላው መንገድ በኋይት ፓስ 3,000 ያህል ፈረሶች ከጭነትና ከድካም ብዛት ሞቱ።

እነዚህ ሰዎች ስንቅ አልጎደላቸውም። ሆኖም በሚያዝያ 3 ቀን 1898 ዓ.ም. ብዙ በረዶ ከወረደ በኋላ፥ አገሩን የሚያውቁት ተሸካሚዎች ‹‹ዛሬ አንወጣም›› ሲሉ፥ የቸኮሉት ወጡ። የበረዶው ናዳ ከ60 በላይ የሚሆኑ ሰዎችን ቀበረ። አንድ ቶን ዕቃ የያዘ ሰው የአገሬውን ምክር ካልያዘ ሻንጣው ጎደሎ ነው። እንግዲህ የዕቃው ልክ ‹‹በገዛ ጀርባዬ ልሸከመው እችላለሁን?›› የሚለው ነው፤ የጉዞውም ልክ ‹‹አገሩን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ይሄዳልን?›› የሚለው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከዕቃው ሁሉ የቀለለው ወረቀት ነበር። ‹‹መርከቡ የት የት ይቆማል?›› ብዬ ስጠይቃቸው በመጨረሻው ማታ ቪክቶሪያ ከምትባል ከተማ እንደሚቆም ነገሩኝ። ቪክቶሪያ ያለችው በካናዳ ነው። በአሜሪካ በ1886 ዓ.ም. የወጣ ሕግ በሌላ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ መንገደኛን ከአንዱ የአሜሪካ ወደብ አንሥቶ ወደ ሌላው እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ስለዚህ ከሲያትል ተነሥተው ወደ ሲያትል የሚመለሱት እነዚህ መርከቦች በመካከል የውጭ አገር ወደብ ይነካሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ እንግዳ ታዲያ የአሜሪካ ቪዛ ብቻ አይበቃውም፤ የካናዳም ያስፈልገዋል። የአሜሪካው ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነም መመለሻውን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ቲኬቱን የሸጠው ሰው ይህን አልነገራቸውም ነበር። ጥያቄው በግንቦት ስለ ተነሣ ፈቃዱ ጉዞው ሊጀመር ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ደረሰ። በነሐሴ ቢነሣ ኖሮ የልጅ ልጆቻቸውን ከወደብ ሸኝተው ይቀሩ ነበር።

እናታችን እንቍጣጣሽን በሲያትል አክብረው በጥቅምት ተመለሱ፤ ወደ ቤቴም መጥተው የሆነውን ሁሉ አጫወቱኝ።

በመጀመሪያ ስሕተቴን ነገሩኝ። ‹‹በርኖሱን ከትልቁ ሻንጣ ክተቱት አሉኝ፤ እኔም ከተትሁት። ወደቡ ላይ ሻንጣውን ተቀበሉና ወሰዱት፤ ክፍሌ የደረሰው ማታ ነው። መርከቡ ሲነሣ ሁሉ ሰገነት ላይ ወጥቶ እጁን ሲያውለበልብ እኔ በነጠላ እንቀጠቀጥ ነበር›› አሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውም ከዚያው ሻንጣ ውስጥ ነበር። እኔ በዚህ አፈርሁ። ስለዚህ ሰባተኛውን ምክር የጨመሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ ፓስፖርት፥ መድኃኒትና አንድ ሙቅ ልብስ ከእጅ ቦርሳ አይለዩ። የባሕር ማቅለሽለሽንም ነገር ረስቼው ነበር። መርከቡ ከደሴቶቹ መካከል ወጥቶ በገላጣው ባሕር ሲሄድ ሁለት ቀን አሟቸዋል፤ ከሐኪም አስቀድሞ ክኒን መጠየቅ፥ ዝንጅብልም መያዝ እንደሚገባ ያን ጊዜ ተማሩ።

ቀጥለው የጁኖን ቀን ነገሩኝ። ሜንደንሆል ወደሚባለው የበረዶ ግግርና በአጠገቡ ወዳለው ፏፏቴ በእግር ሄዱ። መንገዱ አጭርና ደልዳላ ስለ ነበር ልጅቱ ለልጆቿ ጂንስ አልብሳቸው ነበር። ዝናቡ አላቆመም፤ የፏፏቴውም ፍንጣሪ ተጨመረበት። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በመጀመሪያ ሲያማርር፥ ሲያለቅስም ነበር።

‹‹ሲያለቅስ አልፈራሁም›› አሉኝ። ‹‹ዝም ሲል ነው የፈራሁት። ያ ያስተማሩት ልጅ ትዝ አለኝ።››

ልጅቱ ‹‹እማዬ፥ ጥቂት ነው የቀረን፤ ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን›› ብትልም እናታችን እሺ አላሉም። ከዛፍ ሥር አስቀምጠው እርጥቡን አወለቁለት፤ በላስቲክ የታሰረውን ደረቅ ሹራብና ካልሲ አለበሱት፥ የራሳቸውን የሱፍ ቆብ ደፉለት፥ ሻዩንም በጥቂት በጥቂት አጠጡት። ከዚያም ፎቶግራፉ ሳይነሣ ሁሉም ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ልጁ እንደ ገና ማማረር ጀመረ። ‹‹በዕድሜዬ የልጅ ማማረር እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም›› አሉ።

በዚያ ማታ በሰገነቱ ላይ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ በርኖስ ተጠቅልለው ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ አዩ። ልጅቱም መጥታ ‹‹ለኔም ቦታ አለ?›› ብላ ጠየቀች። በርኖሱ ለሦስት አይበቃም ነበርና እናታችን ተነሥተው ለሁለቱ ለቀቁላቸው።

ውድ አንባብያን፤ ከናንተ መካከል ወደ አላስካ የሚሄደው ምናልባት ከብዙ አንዱ ነው። ወደ ስሜን፥ ወደ ባሌ፥ ወደ ጓሣ የሚወጣው ግን ብዙ ነው፤ ዝናብና ነፋስም በየትም ቦታ ሕጋቸው አንድ ነው። ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለው ምሳሌ ለእሳት የተነገረ ቢሆንም ለብርድም ይሠራል። ልጃችሁ ለመንገድ ሲነሣ ከምትሰጡት ቆሎ ጋራ አንድ ደረቅ ሹራብ በላስቲክ አስራችሁ ስጡት፤ ‹‹ጓደኛህ ዝም ሲል ተመልከተው›› ብላችሁም ንገሩት።